ኮምፒውተርን በድምፅ ማዘዝ

ኮምፒውተርን በድምፅ ማዘዝ ማለት በቁልፍ ሰሌዳና በማውስ ፋንታ በመናገር ፕሮግራም መክፈትና መዝጋት፣ ገጽን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ አዝራር መጫን እንዲሁም ጽሑፍ ማስጻፍና ማረም ነው። ይህ አገልግሎት በዊንዶውስ 11 እና በማክ ኮምፒውተሮች ስርዓተ ክወና ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። ለሊኑክስም በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ።

ለብዙ ተጠቃሚዎች በድምፅ ማዘዝ ምቾት ብቻ ነው። በአከርካሪ ጉዳት፣ በስትሮክ፣ በጡንቻ መድከም ወይም በእጅ መቆረጥ ምክንያት በእጁ እንደ ልብ መሥራት ለማይችል ሰው ግን ትምህርት የሚከታተልበት፣ ደብዳቤ የሚጽፍበትና ሥራ የሚሠራበት ዋና መንገድ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ከመተየብ የተነሣ የእጅ አንጓ ሕመም የያዛቸው ሰዎችም ይጠቀሙበታል።

በሁለቱም ስርዓቶች የትዕዛዝ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተካተተም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተጠቃሚ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ጥቂት የእንግሊዝኛ ትዕዛዞችን ማጥናት፣ ወይም አነስተኛ የአማርኛ ትዕዛዞች ዝርዝር ማሰናዳት። ሁለቱም የሚቻሉት ለማዘዝ የሚያስፈልገው የቃላት ብዛት ለማስጻፍ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ነው።

ማዘዝ እና ማስጻፍ

በድምፅ ኮምፒውተር መጠቀም ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያጠቃልላል። አንደኛው ማስጻፍ ነው። ተጠቃሚው የፈለገውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም የሰማውን በፊደል ያሰፍራል። ሁለተኛው ማዘዝ ነው። ተጠቃሚው አስቀድሞ ከተወሰኑ ቃላት አንዱን ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ቃሉን በመጻፍ ፋንታ ድርጊቱን ይፈጽማል።

ሁለቱ በአስቸጋሪነታቸው በጣም ይለያያሉ። በማስጻፍ ጊዜ ተናጋሪው ማንኛውንም ቃል ሊያነሣ ስለሚችል ኮምፒውተሩ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ቃላት መካከል መምረጥ አለበት። በማዘዝ ጊዜ ግን ዝርዝሩ 20 ትዕዛዝ ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄው «ከእነዚህ ከ20ው የትኛው ተባለ?» የሚል ብቻ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ባይሰማም ለመሳሳት ያለው ዕድል ያነሰ ነው።

ኮምፒውተሩ የሰማው ቃል የሚጻፍ ነው ወይስ የሚፈጸም የሚለውን ካልለየ ችግር ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2006 ማይክሮሶፍት ገና ለገበያ ያልቀረበውን ዊንዶውስ ቪስታ በሕዝብ ፊት ሲያሳይ፣ አቅራቢው ለእናት የሚላክ ደብዳቤ ለማስጻፍ ሞክሮ ነበር። ኮምፒውተሩ «እናት» የሚለውን «አክስት» ብሎ ጻፈ። አቅራቢው ስህተቱን ለማጥፋት የሰጣቸውን የ«ሰርዝ» እና የ«ሁሉንም ምረጥ» ትዕዛዞችም የደብዳቤው ክፍል አድርጎ ጻፋቸው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ማዘዣ ብቻ፣ ማስጻፊያ ብቻ፣ ወይም ሁለቱን የሚያጣምር ሁኔታ ለይተው እንዲመረጥ ማድረጋቸው ይህን ዓይነቱን መምታታት ለመቀነስ ይረዳል።

በድምፅ ማዘዝ ከስክሪን አንባቢ ጋርም መምታታት የለበትም። ስክሪን አንባቢ ለዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎች በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። በድምፅ ማዘዝ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ታሪክ

የሰውን ንግግር የሚለይ መሣሪያ የተጀመረው በቁጥሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎች «ኦድሪ» የተባለ መሣሪያ ሠሩ። ኦድሪ ከ0 እስከ 9 ያሉትን የእንግሊዝኛ ቁጥሮች የሚለየው ድምፁን ከለመደው ሰው ሲሰማ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1962 በሲያትል የዓለም ትርዒት ላይ ያሳየው «ሹቦክስ» ደግሞ 16 ቃላት ያውቅ ነበር፤ አሥሩን ቁጥሮችና እንደ «ደምር» እና «ቀንስ» ያሉ ትዕዛዞችን። ሰው ሲናገር የሒሳብ መደመሪያ ማሽንን ያንቀሳቅስ ስለነበር፣ በድምፅ ከታዘዙ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ውስጥ ይቆጠራል።

በ1970ዎቹ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት ለዘርፉ ገንዘብ መደበ። ከዚህ ሥራ የወጣው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ «ሃርፒ» እ.ኤ.አ. በ1976 የ1,011 ቃላት መዝገብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጄምስ ቤከር እና ጃኔት ቤከር የተባሉ ባልና ሚስት ድራጎን ሲስተምስን መሠረቱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው «ድራጎን ዲክቴት» 9,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ተናጋሪውም ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ቆም ማለት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ድራጎን ናቹራሊ ስፒኪንግ» ሳያቋርጡ መናገርን ፈቀደ።

የድምፅ ትዕዛዝ በየቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ቀስ በቀስ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1993 «ፕሌንቶክ»ን በማክ ኮምፒውተሮቹ አቀረበ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኦኤስ/2 ስርዓተ ክወናው ውስጥ የድምፅ ማዘዣ አስገባ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 በዊንዶውስ ቪስታ የራሱን ንግግር መለያ አካተተ። ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላ ጥልቅ የነርቭ መረቦች የተባለው የማሽን ትምህርት ዘዴ ሲስፋፋ የስህተቱ መጠን በጣም ቀነሰ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 «ቮይስ ኮንትሮል»ን ከማክ ኦኤስ ካታሊና ጋር፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 «ቮይስ አክሰስ»ን በዊንዶውስ 11 አስተዋወቁ። ከሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቮይስ አክሰስ ከቪስታ ዘመን የመጣውን ንግግር መለያ በዊንዶውስ 11 ተክቷል።

አሠራር

ትዕዛዝ ከአፍ ወጥቶ ድርጊት እስኪሆን ድረስ በሚከተሉት ደረጃዎች ያልፋል።

1. መቅዳት። ማይክሮፎኑ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ለንግግር መለያ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 16,000 ናሙና ይወሰዳል።

2. መጀመሪያና መጨረሻውን መለየት። ፕሮግራሙ ዝምታን ከንግግር ይለያል። ተናጋሪው ለአፍታ ዝም ሲል ትዕዛዙ እንዳለቀ ይቆጥራል። በትዕዛዝ መካከል ለረጅም ጊዜ ማሰብ የማይመከረው ለዚህ ነው።

3. የድምፅ ባሕርይ ማውጣት። ድምፁ 25 ሚሊሴኮንድ ገደማ ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ የትኛው የድምፅ ሞገድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይለካል።

4. ከቃል ጋር ማመሳሰል። በብዙ ሰዎች ንግግር የሠለጠነ ሞዴል የተለካውን ድምፅ ከቋንቋው ድምፆች ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም ሊባሉ ከሚችሉት ቃላት በጣም የሚቀርበውን ይመርጣል።

5. እርግጠኝነትን መመዘን። የተመረጠው ቃል ከተወሰነ የእርግጠኝነት መጠን በታች ከሆነ ትዕዛዙ አይፈጸምም። ይህ መጠን ሲያንስ ኮምፒውተሩ ያልተባለውን ይፈጽማል፤ ሲበዛ ደግሞ የተባለውን እምቢ ይላል።

6. መፈጸም። ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ ያሉትን አዝራሮች፣ ሳጥኖችና ዝርዝሮች ስም ከስርዓተ ክወናው ይጠይቃል፤ ከተባለው ስም ጋር የሚገጥመውንም ይጫናል። ይህ የስም መረጃ ስክሪን አንባቢዎች የሚጠቀሙበት ያው መረጃ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ከቋንቋ ጋር የግድ የተያያዘ አይደለም። ፋይል የሚከፍተው ክፍል ትዕዛዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተባለ አያውቅም። አማርኛን የሚከለክሉት ቃሉ የሚለይባቸው ቀዳሚዎቹ ደረጃዎች ብቻ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

በላፕቶፕ ውስጥ የተሠራው ማይክሮፎን ጸጥ ባለ ክፍል ይበቃል። የመንገድ ጫጫታ፣ ጄኔሬተር ወይም የሰው ወሬ ባለበት ቦታ ግን ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የተያያዘ ማይክሮፎን ይሻላል፤ ከአፍ ያለው ርቀት ስለማይለዋወጥና ቅርብ ስለሆነ የተናጋሪው ድምፅ ከአካባቢው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ማይክሮፎኑን በአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ትንፋሽ እንዳይገባበት ያደርጋል። የጆሮ ማዳመጫው ሌላም ጥቅም አለው፤ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ አይገባም።

የዊንዶውስም ሆነ የማክ ማዘዣ ንግግሩን የሚተነትነው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቋንቋውን ፋይል ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግንኙነት ባይኖርም ይሠራል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ወይም ውድ በሆነበት ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

እጁን ጨርሶ መጠቀም ለማይችል ሰው የመጀመሪያውን ማስተካከያ ሌላ ሰው ቢያግዘው ይመረጣል። አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ አገልግሎቱ ኮምፒውተሩ ሲበራ በራሱ እንዲጀምር ማድረግ ይቻላል።

በዊንዶውስ 11 ማዘጋጀት

1. «ሴቲንግስ» ይከፈታል፤ ከዚያም «አክሰሲቢሊቲ» የተባለው የተደራሽነት ክፍል ይመረጣል።

2. በውስጡ «ስፒች» የሚለው ተመርጦ የ«ቮይስ አክሰስ» ማብሪያ ይበራል።

3. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ የቋንቋ ፋይል ያወርዳል፤ ቀጥሎም ማይክሮፎን ያስመርጣል። በስክሪኑ አናት ላይ ቀጭን አሞሌ ይታያል።

4. እዚያው ገጽ ላይ አገልግሎቱ ተጠቃሚው ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርጉ ምርጫዎች አሉ። እጁን ለማይጠቀም ሰው ሁለቱም መመረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ እንደገና በተነሣ ቁጥር የሌላ ሰው እርዳታ ይጠብቃል።

5. በማስተካከያው ውስጥ ለተናጋሪው አነጋገር የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ዓይነት ይመረጣል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የሕንድን ጨምሮ የተለያዩ አማራጮች አሉ። አንዱ ካልሰማ ሌላውን መሞከር ተገቢ ነው።

አገልግሎቱ ሦስት ሁኔታ አለው። ሲያዳምጥ ትዕዛዝ ይፈጽማል፤ ሲተኛ የሚጠብቀው የማንቂያውን ሐረግ ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑ ሲዘጋ ደግሞ ምንም አይሰማም።

ለጀማሪ የሚበቁት ዋና ዋና ትዕዛዞች የሚከተሉት ናቸው።

– «ቮይስ አክሰስ ዌክ አፕ»፦ የተኛውን ያነቃል።
– «ቮይስ አክሰስ ስሊፕ»፦ ያስተኛል።
– «ኦፕን» ከፕሮግራም ስም ጋር፦ ፕሮግራሙን ይከፍታል።
– «ክሎዝ ዊንዶው»፦ የተከፈተውን መስኮት ይዘጋል።
– «ክሊክ» ከአዝራር ስም ጋር፦ አዝራሩን ይጫናል።
– «ስክሮል ዳውን» እና «ስክሮል አፕ»፦ ገጹን ወደ ታችና ወደ ላይ ያንቀሳቅሳሉ።
– «ዲሊት ዛት»፦ መጨረሻ የተጻፈውን ይሰርዛል።
– «አንዱ ዛት»፦ የተደረገውን ይመልሳል።
– «ሾው ነምበርስ»፦ ሊጫኑ በሚችሉ ነገሮች ሁሉ ላይ ቁጥር ያሳያል።
– «ዋት ካን አይ ሴይ»፦ የትዕዛዞቹን ሙሉ ዝርዝር ያሳያል።

በማክ ማዘጋጀት

በማክ ኮምፒውተር «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ከዚያም «ቮይስ ኮንትሮል» ይከፈታል። ማብሪያው ሲበራ አስፈላጊው ፋይል ይወርዳል። በዚያው ገጽ ቋንቋና ማይክሮፎን ይመረጣሉ፤ የትዕዛዞችና የልዩ ቃላት ዝርዝርም ይገኛል። በልዩ ቃላት ዝርዝር ውስጥ የሰውና የቦታ ስሞችን አስቀድሞ ማስገባት በማስጻፍ ጊዜ ስህተትን ይቀንሳል።

ትዕዛዞቹ ከዊንዶውሱ ጋር ይመሳሰላሉ። «ጎ ቱ ስሊፕ» ያስተኛል፣ «ዌክ አፕ» ያነቃል። «ኮማንድ ሞድ» ሲባል የሚሰማው ሁሉ እንደ ትዕዛዝ ብቻ ይቆጠራል፤ «ዲክቴሽን ሞድ» ሲባል ወደ ማስጻፍ ይመለሳል። «ስፔሊንግ ሞድ» ደግሞ ቃልን ፊደል በፊደል ለማስገባት ነው።

ቁጥርና መረብ

ሁሉም አዝራር ስም የለውም፤ ስሙም ለመጥራት የሚያስቸግር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁለት ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቁጥር ዘዴ ነው። «ሾው ነምበርስ» ሲባል በእያንዳንዱ አዝራር፣ ማስፈንጠሪያና ሳጥን ላይ ትንሽ ቁጥር ይወጣል። ተጠቃሚው ቁጥሩን ብቻ ይጠራል። ይህ ዘዴ ለአማርኛ ድረ ገጾች እጅግ ጠቃሚ ነው። «ግባ» ወይም «ፈልግ» የሚል አዝራር እንግሊዝኛ ብቻ ለሚሰማ ፕሮግራም በስሙ ሊጠራ አይችልም፤ ቁጥር ሲሰጠው ግን ጽሑፉ በየትኛውም ፊደል ቢሆን ለውጥ አያመጣም። የእንግሊዝኛ ቁጥሮችንና ጥቂት ግሦችን ያጠና ሰው አብዛኛውን የአማርኛ ገጽ ሊጠቀም ይችላል።

ሁለተኛው የመረብ ዘዴ ነው። «ሾው ግሪድ» ሲባል ስክሪኑ ቁጥር በተሰጣቸው ሳጥኖች ይከፋፈላል። በዊንዶውስ ሳጥኖቹ ዘጠኝ ናቸው። ከቁጥሮቹ አንዱ ሲጠራ ያ ሳጥን ራሱ እንደገና ይከፋፈላል። ከዘጠኝ አንዱ ሁለት ጊዜ ሲመረጥ የስክሪኑ 81ኛ እጅ፣ ሦስት ጊዜ ሲመረጥ 729ኛ እጅ ላይ ይደረሳል፤ ይህም ትንሽ ምልክት ለመጫን ይበቃል። ካርታና ሥዕል ያለባቸው ፕሮግራሞች በዚህ ይታዘዛሉ።

የራስን ትዕዛዝ መፍጠር

በሁለቱም ስርዓቶች ተጠቃሚው የራሱን ትዕዛዝ መጨመር ይችላል። አንድ ትዕዛዝ ሁለት ነገሮች አሉት፤ የሚባለው ሐረግና የሚከተለው ድርጊት። ድርጊቱ ፋይል ወይም ድረ ገጽ መክፈት፣ የቁልፎች ጥምረት መጫን ወይም የተዘጋጀ ጽሑፍ መለጠፍ ሊሆን ይችላል። የሚለጠፈው ጽሑፍ አማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም። ለምሳሌ አንድ ተማሪ የስሙንና የትምህርት ክፍሉን ዝርዝር በአማርኛ አስቀምጦ በአንድ አጭር የእንግሊዝኛ ሐረግ በየወረቀቱ አናት ላይ ሊያሰፍር ይችላል።

ጥሩ የትዕዛዝ ሐረግ የሚከተሉት ባሕርያት አሉት።

– ከሌሎቹ ትዕዛዞች በድምፅ ይራራቃል። በአማርኛ «ክፈት» እና «ክፈል»፣ ወይም «ዝጋ» እና «ዝቅ» ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቀላሉ ይምታታሉ። «ዝቅ» በ«ወደ ታች» ቢተካ ልዩነቱ ይሰፋል።
– ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይሆናል። አንድ ቀለም ብቻ ያለው ቃል ከሳልና ከወንበር ድምፅ ጋር ሊምታታ ይችላል።
– በተራ ወሬ ውስጥ አይነሣም። «እሺ» የሚል ትዕዛዝ በየደቂቃው ሳይታሰብ ይፈጸማል።
– አደገኛ ድርጊት ረዘም ያለ ሐረግ ይሰጠዋል። ፋይል የሚሰርዝ ወይም መልእክት የሚልክ ትዕዛዝ በስህተት እንዳይባል የሚጠብቀው ርዝመቱ ነው።

አማርኛና የድምፅ ትዕዛዝ

በአማርኛ ማስጻፍ ይቻላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በድምፅ መጻፊያው ላይ 30 ቋንቋዎችን ሲጨምር አማርኛና ስዋሂሊ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በኮምፒውተርም በጉግል ዶክስ «ቱልስ» ዝርዝር ውስጥ ያለው የድምፅ መጻፊያ አማርኛን ያስመርጣል። ነገር ግን በዚያው ፕሮግራም ጽሑፍን ለመምረጥ፣ ለማድመቅና ለማረም የሚያገለግሉት የድምፅ ትዕዛዞች በእንግሊዝኛ ብቻ የተወሰኑ ናቸው። በሌላ አነጋገር አማርኛ ተናጋሪው መናገር ይችላል፤ የተናገረውን ለማረም ግን እጁን ይፈልጋል። እጁን መጠቀም ለማይችል ሰው ይህ ሥራውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 በነጻ የለቀቀው «ዊስፐር» የተባለው ሞዴልም አማርኛን በቋንቋዎቹ ዝርዝር ይዟል። ሞዴሉ የሠለጠነበት ንግግር በአጠቃላይ 680,000 ሰዓት ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉት 96 ቋንቋዎች ሁሉ በአንድነት የደረሰው 117,000 ሰዓት ነው። በአማርኛ ያለው ትክክለኛነትም ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ ነው። የተቀዳ ንግግር ማነስ የአማርኛ ዋና ችግር ሆኖ ቆይቷል። በሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ ተሰናድቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የቀረበው የአማርኛ የንግግር ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ያህል ንግግር ሲሆን፣ ለብዙ ቀጣይ ጥናቶች መነሻ ሆኗል።

ቋንቋው ራሱም የራሱ ጠባይ አለው።

የቃል ርባታ። ከአንድ ግስ በጣም ብዙ ቅርጾች ይወጣሉ። «ክፈት»፣ «ክፈቺ»፣ «ክፈቱ»፣ «ይክፈቱ»፣ «ክፈተው» እና «አትክፈት» ለሰው ግልጽ ዝምድና አላቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ማስጻፍን የሚያከብደው ይህ ነው። ለማዘዝ ግን አንዱን ቅርጽ መርጦ ሁልጊዜ በእርሱ መጠቀም ይበቃል። ትዕዛዙ «ክፈት» ከሆነ ሴትም ወንድም ያንኑ ይላሉ።

መጥበቅና መላላት። «ገና» ሲላላ «እስካሁን ያልሆነ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የበዓል ስም ነው። ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል፣ በፊደል ግን አይታይም። በመጥበቅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ትዕዛዞችን አለመያዝ ይመረጣል።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አነጋገር አንድ ናቸው። መጻፊያው «ጽሑፍ» ወይም «ፅሁፍ» ብሎ ሊያወጣ ይችላል። የተጻፈውን ከትዕዛዝ ዝርዝር ጋር የሚያስተያይ ፕሮግራም በመጀመሪያ እነዚህን ፊደላት ወደ አንድ ካልመለሰ ትክክለኛውን ትዕዛዝ ይጥለዋል።

ፍንዱ ድምፆች። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ በእንግሊዝኛ የሉም። በእንግሊዝኛ ማዘዣ ውስጥ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ እንደ ራስ ትዕዛዝ ማስገባት ሊሞከር ይችላል፤ ይሁንና «ሰላም» ወይም «ቡና» ያሉ ቃላት «ጨርስ» ወይም «ቅጠል» ከሚሉት የተሻለ ዕድል አላቸው።

አነስተኛ የአማርኛ ትዕዛዝ ዝርዝር ማሰናዳት

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ በአማርኛ የሚታዘዝ አነስተኛ ስርዓት በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል።

በመጀመሪያው መንገድ አማርኛ የሚያውቅ መጻፊያ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ከዚያ የተማሪው ፕሮግራም ጽሑፉን ከትዕዛዝ ዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ፊደላቱ አንድ ከተደረጉ በኋላ ፍጹም መመሳሰልን መጠየቅ አያስፈልግም። በጥቂት ፊደላት ብቻ የሚለየው ትዕዛዝ ይመረጣል፤ ከማንኛውም ትዕዛዝ ጋር የማይቀራረብ ከሆነ ፕሮግራሙ ዝም ይላል። በዚህ ዘዴ ብዙ የሚሳሳት መጻፊያ እንኳ ለማዘዝ ሊያገለግል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የቋንቋ ሞዴል ጨርሶ አይፈልግም። ተጠቃሚው እያንዳንዱን ትዕዛዝ ጥቂት ጊዜ በራሱ ድምፅ ይቀዳል። በኋላ አዲስ ድምፅ ሲሰማ ፕሮግራሙ ከተቀዱት ጋር ያስተያያል፤ ሰው አንዱን ቃል አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት አድርጎ ስለሚል የሁለቱን ርዝመት እየሳበና እያጠበበ ያስተካክላል። ይህ ጥንታዊ ዘዴ በ1990ዎቹ መጨረሻ በነበሩ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ስም ጠርቶ ለመደወል ያገለግል ነበር። ጉድለቱ ለቀዳው ሰው ብቻ መሥራቱና ከጥቂት ትዕዛዞች በላይ አለመሄዱ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ቋንቋ አለመለየቱ ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሲዳምኛ እኩል ይሠራል። አንደበቱ በሕመም ምክንያት ለሌሎች ግልጽ ያልሆነ ሰው እንኳ ድምፁን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ማውጣት ከቻለ ሊጠቀምበት ይችላል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ምንም አለመስማት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተሳሳተ ማይክሮፎን መመረጡ፣ የድምፅ መጠኑ ዝቅ ማለቱ ወይም አገልግሎቱ ተኝቶ መሆኑ ነው። ከሁሉ በፊት በአሞሌው ላይ ያለውን ሁኔታ ማየት ይገባል።

ትዕዛዙን መጻፍ። ጠቋሚው በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ትዕዛዝ እንደ ጽሑፍ ሊቆጠር ይችላል። ትዕዛዙን ሳያቋርጡ በአንድ ትንፋሽ ማለት፣ ወይም ወደ ማዘዣ ብቻ ሁኔታ መቀየር ይረዳል።

አነጋገርን አለመለየት። ንግግር መለያዎች ለሁሉም ሰው እኩል አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ንግግር መለያዎች ፈትኖ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ተናጋሪዎች ከ100 ቃላት 35ቱ፣ የነጮቹ ደግሞ 19ኙ በአማካይ በስህተት እንደተጻፉ አሳይቷል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ባይሰማ ጉድለቱ የግድ የተናጋሪው አይደለም። መጮህ ወይም ቃሉን መቆራረጥ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሳል፤ ሞዴሉ የሠለጠነው በተለመደ አነጋገር ነውና። በተለመደ ድምፅ መናገር፣ ሌላ የእንግሊዝኛ ዓይነት መምረጥ ወይም ስሙን ትቶ በቁጥር መጥራት ይሻላል።

የድምፅ መድከም። ቀኑን ሙሉ ማዘዝ ጉሮሮን ያደክማል። ውኃ መጠጣት፣ በየመሐሉ ማረፍና ረጅም ሥራዎችን በራስ ትዕዛዝ ማሳጠር ይመከራል።

ደኅንነትና ምስጢር

ማይክሮፎን ትዕዛዙ ከማን እንደመጣ ሁልጊዜ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ቅጂ ራሱን ኮምፒውተሩን ሊያዝ እንደሚችል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 በቻይና የጄጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ሞገድ የተላከ ትዕዛዝ የድምፅ ረዳቶችን እንደሚያንቀሳቅስ አሳዩ። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ማዘዣውን ማስተኛት፣ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱና ፋይል የሚሰርዙ ድርጊቶችንም ያለ ማረጋገጫ አለመተው ጥንቃቄ ነው።

የይለፍ ቃልን ሰው ባለበት ጮክ ብሎ ማለት ምስጢሩን ያወጣዋል። የፊት መለያ ወይም የይለፍ ቃል አስቀማጭ ፕሮግራም ይህን ሊያስቀር ይችላል። በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራ ማዘዣና ድምፁን ወደ ሩቅ አገልጋይ የሚልክ መጻፊያም በምስጢር ጥበቃ አንድ አይደሉም። የሕክምና ወይም የሕግ ጉዳይ የሚያስጽፍ ሰው የትኛውን እንደሚጠቀም ማወቅ አለበት።

የድረ ገጽ ሠሪዎች ድርሻ

ተጠቃሚው ሁሉን አስተካክሎ እንኳ ድረ ገጹ በአግባቡ ካልተሠራ ማዘዝ አይሳካም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1፣ በአዝራር ላይ በዓይን የሚታየው ጽሑፍ ለፕሮግራሞች በተሰጠው የውስጥ ስም ውስጥ እንዲገኝ ይጠይቃል። «ላክ» የሚል አዝራር በውስጥ ስሙ ሌላ ከተባለ፣ ያየውን የሚጠራ ተጠቃሚ አይሰማም። በሥዕል ብቻ የተሠራና ለስርዓተ ክወናው ራሱን የማያሳውቅ አዝራር ደግሞ ቁጥር እንኳ አይወጣለትም፤ የሚቀረው የመረቡ ዘዴ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት ይጠይቃል። ለአማርኛ ድረ ገጽ ይህ በተግባር ሲታይ አዝራሮችን በትክክለኛ ስማቸው ከመመዝገብ ይጀምራል። ዛሬ በቁጥር የሚጠሩት አዝራሮች አማርኛ የሚሰማ ማዘዣ ሲመጣ በስማቸው ሊጠሩ የሚችሉት ያኔ ነው።